ምንም ባልተለወጠበት ቦታ ለምን ይለካል? የኒውትሪኖ ጥያቄ ከፊዚክስ ክበባችን

ቲቸር ከአራት ኪሎ፦

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ የፊዚክስ ክበብ አለን። ባለፈው ሐሙስ ስለ ኒውትሪኖ አወራኋቸው። ኒውትሪኖ ከምንም ነገር ጋር እምብዛም የማይጋጭ ኢምንት ቅንጣት ነው። የኤሌክትሮን፣ የሙዮንና የታው የሚባሉ ሦስት ዓይነቶች አሉት። ሲጓዝ ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው ይለወጣል። ጃፓን ውስጥ ቶካይ የሚባል የባሕር ዳር መንደር አለ። ጄ-ፓርክ የተባለው የምርምር ማዕከል ከዚያ ኒውትሪኖ ይተኩሳል። ኒውትሪኖው 295 ኪሎ ሜትር በመሬት ውስጥ ሄዶ ካሚዮካ ተራራ ሥር ይደርሳል። እዚያ 50,000 ቶን ውሃ የያዘ ታንከር ይጠብቀዋል። ሱፐር-ካሚዮካንዴ ይባላል። የሩቁ ዲቴክተር፣ ማለትም ኒውትሪኖ የሚይዘው መሣሪያ፣ እሱ ነው።

ርቀቱ እንዲገባቸው ካርታ ዘርግተን በማስመሪያ ለካን። ከአዲስ አበባ ደሴ በቀጥታ መስመር 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ ከአራት ኪሎ ብንተኩስ ደሴን አልፎ ይሄዳል ማለት ነው። ልጆቹ በጣም ወደዱት።

ከዚያ ሰሌዳው ላይ ሥዕሉን ሣልኩ። መነሻው ጋ፣ 280 ሜትር ላይ፣ አንድ ትንሽ ሣጥን ጨመርኩ። «ይህ የቅርቡ ዲቴክተር ነው» ብዬ አለፍኩ። ኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ኒውትሪኖው የሚለወጠው መንገድ ላይ ከሆነ 280 ሜትር ላይ ገና ምንም አልሆነም። ታዲያ እዚያ ዲቴክተር መትከል ምን ያደርጋል?» አለችኝ። «ለማነጻጸር ነው» አልኳት። «ምኑን ከምኑ?» አለች።

መልስ አልነበረኝም። ለሐሙስ ይዤ እመጣለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ሦስት ማታ አነበብኩ። የማገኘው ጽሑፍ ሁሉ ገና መግቢያው ላይ ያደክማል። ለ17 ዓመት ልጅ የሚገባ፣ ግን እውነቱን የማይሸራርፍ ማብራሪያ የሚያውቅ አለ? ልጅቷን በግማሽ መልስ መሸኘት አልፈልግም።

ቀለበት መንገድ፦

ቲቸር፣ ልጅቷ ልክ ናት። 280 ሜትር ላይ ምንም አልተለወጠም። በቁጥር እናሳያት።

የመለወጥ ዕድሉን በሚሰጠው ቀመር ሳይኑ ውስጥ የሚገባው 1.27 ሲባዛ በኒውትሪኖዎቹ መጠነ ቁስ የስኩዌር ልዩነት፣ ሲባዛ በርቀቱ፣ ሲካፈል ለጉልበቱ ነው። ልዩነቱ 0.0025 ገደማ ነው። ርቀቱ 295፣ ጉልበቱ 0.6 ጂጋ ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ሲሰላ 1.56 ይመጣል። የፓይ ግማሽ 1.57 ነው። ሳይኑ ወደ 1 ተጠጋ ማለት ነው። ካሚዮካ ላይ ለውጡ ጣሪያ ይነካል። ቦታውና ጉልበቱ እንዲገጣጠሙ ታስቦበታል።

አሁን በ295 ፋንታ 0.28 ያስገቡ። 0.0015 ገደማ ይመጣል። ሳይኑን ስኩዌር ሲያደርጉት ከአንድ ሚሊዮን ሁለት ብቻ። ስለዚህ የቅርቡ ዲቴክተር «ከመለወጡ በፊት» የሚለው ፎቶ ነው። የሩቁ «ከተለወጠ በኋላ» ነው። የሩቁን ለቅርቡ ማካፈል ነው። የጋራ ስህተቱ ሁሉ ይጣፋል። በቃ።

ወፍጮ ቤት፦

ቲቸር፣ ጤና ይስጥልኝ። የልጅቷ ጥያቄ ደስ አሰኝቶኝ ነው የምጽፈው። ወንድሜ ቀለበት መንገድ ያሰላው ልክ ነው። «በቃ» ያለው ላይ ግን አልስማማም። ሥራው የሚጀምረው እዚያ ነው።

እኔ አራት ኪሎ ሳይንስ ፋኩልቲ ፊዚክስ ተምሬያለሁ። አሁን የምሠራው የእናቴን ወፍጮ ቤት ነው። ከጊዮርጊስ ወደ መርካቶ ስትወርዱ ውስጥ ለውስጥ ነን። ማታ ወፍጮው ሲቆም የኒውትሪኖ ጽሑፎችን አነባለሁ። የገባኝም በወፍጮው በኩል ነው። እንደገባኝ ልንገርዎት።

ልጅ ሆኜ አንዲት ደንበኛ እያለቀሰች መጣች። ሌላ ወፍጮ ቤት 25 ኪሎ ጤፍ አስገብታ፣ ቤቷ ስትመዝነው ዱቄቱ 23 ኪሎ ሆነባት። ተሰረቅሁ አለች። እናቴ «ሲገባ መዝነውልሻል?» አለቻት። አልመዘኑም። 25 ኪሎ ያላት የእህል ነጋዴው ነው። እናቴ ዝም አለች። ምን ትበል? ከመጀመሪያው 23 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ድንጋዩ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኛ ቤት ያልተመዘነ እህል ወፍጮው አፍ ላይ አይደርስም። ደንበኛው እያየ ባስኩላው ላይ ይወጣል። ደብተር ላይ ይጻፋል።

ለልጅቷ ይህን ይንገሯት። «ምኑን ከምኑ?» ላለችው መልሱ «የወጣውን ከገባው» ነው። 280 ሜትር ላይ የሚመዘነው የገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የቲ2ኬ፣ ማለትም የዚህ ከቶካይ ወደ ካሚዮካ የሚተኮስበት ሙከራ ተመራማሪዎች ካሚዮካ ላይ 28 የኤሌክትሮን ኒውትሪኖ ምልክቶች ቆጠሩ። የተኮሱት የሙዮን ኒውትሪኖ ነበር። 28 ብቻውን ምንም አይልም። ጨረሩ ሲነሳም ትንሽ የኤሌክትሮን ኒውትሪኖ የተቀላቀለበት ነው። ኤሌክትሮን የሚመስል ሌላ ግጭትም አለ። ምንም የተለወጠ ባይኖር ስንት ይቆጠር ነበር? 5 ገደማ። ዜናው ያለው በ28 እና በ5 መካከል ነው። ያንን 5 አፍን ሞልቶ ለመናገር መግቢያው ላይ መመዘን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ «በቃ» ልምጣ። እኛ ቤት እህሉም ዱቄቱም የሚመዘነው በአንዱ ባስኩላ ነው። ባስኩላው ግማሽ ኪሎ ቢዋሽ ሁለቱንም ጊዜ እኩል ይዋሻል። ልዩነቱ እውነት ይሆናል። ቀለበት መንገድ «ይጣፋል» ያለው ይህ ነው። ግን እህሉን በባስኩላ፣ ዱቄቱን በተንጠልጣይ ሚዛን ብመዝንስ? ሁለቱ የሚዋሹት በየራሳቸው መንገድ ነው። አይጣፋም።

ጃፓን ያለው ነገር እንዲህ ነው። ሩቁ ውሃ ነው፤ ኒውትሪኖው በአብዛኛው የሚመታው ኦክስጅን ነው። ቅርቡ ላይ ብዙው ቅንጣት ሲያልፍበት ብልጭ የሚል ፕላስቲክ ነው። ፕላስቲክ ካርቦን ነው። የኒውትሪኖው የመጋጨት ዕድል ለካርቦንና ለኦክስጅን አንድ አይደለም። ደግሞ ሩቁ ከየትም አቅጣጫ የወጣ ቅንጣት ያያል። ቅርቡ ወደፊት የወጣውን በደንብ ያያል፤ ወደ ጎን የወጣውን ለማየት ይቸገር ነበር።

ሌላም አለ። እኔ ማታ ደብተሬን ሳይ «ዛሬ 20 ኩንታል ተፈጨ» ይላል። ይህ 100 ሰው 20 20 ኪሎ ያመጣበት ቀን ነው ወይስ 40 ሰው 50 50 ኪሎ ያመጣበት? ድምሩ አይነግረኝም። የቅርቡ ዲቴክተርም የሚቆጥረው ብዜቱን ነው። ስንት ኒውትሪኖ አለፈ፣ ሲባዛ እያንዳንዱ የመጋጨት ዕድሉ ስንት ነው። ብዜቱ ልክ ሆኖ ሁለቱ አባዦች ስህተት ሊሆኑ ይችላሉ። ሩቁ ላይ የጉልበቱ ስብጥር ስለተለወጠ ያ ስህተት ብቅ ይላል። ለዚህ ነው ቲ2ኬ ሌላ ቦታ ላይም የሚመዝነው። ጄኔቫ አጠገብ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል ውስጥ፣ ልክ እንደ ጄ-ፓርኩ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ የግራፋይት ዘንግ በፕሮቶን ይመታል። ከግጭቱ ፓዮን የሚባለው ቅንጣት ስንት ወጣ፣ ወዴት ወጣ ተብሎ ይቆጠራል። ኒውትሪኖ የሚወለደው ከፓዮን ስለሆነ፣ የደንበኛውን ብዛት በር ላይ ቆሞ እንደ መቁጠር ነው።

የቦታውም ነገር አለ። ፓዮኖቹ ወደ 100 ሜትር በሚጠጋ ዋሻ ውስጥ እየበረሩ ነው የሚፈርሱት። ለ280 ሜትሩ ዲቴክተር የዋሻው ጫፍ 200 ሜትር አይሞላም፤ መነሻው ግን 280 ሜትር ነው። ከካሚዮካ ሆኖ ለሚያይ ዋሻው ሁሉ አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ዲቴክተሮች የሚያዩት ጨረር ራሱ ትንሽ ይለያያል።

ምሳሌዬ የሚሰበርበትን ቦታም ልንገርዎት፣ ልጅቷ ቀድማ ሳትይዝዎት። እኔ የምመዝነው ያንኑ እህል ሁለት ጊዜ ነው። ኒውትሪኖ ሁለት ጊዜ አይያዝም። ቅርቡ ላይ የተጋጨ እዚያው ቀረ። የሚጠናው ወንድሞቹን ነው። ከጆንያ አንድ እፍኝ ዘግኖ ስለ ጆንያው እንደ መናገር ነው።

አቅጣጫውንም አይርሱት። እዚያው 280 ሜትር ላይ ኢንግሪድ የሚባል ሌላ ዲቴክተር አለ። ከብረትና ከፕላስቲክ ንብርብር የተሠሩ ሣጥኖች በመስቀል ቅርጽ ተደርድረዋል። ጨረሩ ወዴት እንደሚያይ ይጠብቃሉ። ጨረሩ በአንድ ሺህኛ ራዲያን ቢዛነፍ ካሚዮካ ላይ 295 ሜትር ይስታል። እዚያ ሆኖ ይህን ማወቅ ከባድ ነው፤ ውሃው ውስጥ የሚያዘው ኒውትሪኖ በጣም ጥቂት ነው። ቅርቡ ላይ ግን እልፍ ነው። በርቀቱ ስኩዌር ቢሰሉት ጨረሩ ከ280 ሜትር እስከ 295 ኪሎ ሜትር አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይሳሳል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ ስለምወደው። የቅርቡን ዲቴክተር የከበበው ትልቅ ማግኔት አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ሰርን ውስጥ ደብልዩ እና ዜድ የተባሉት ቅንጣቶች ሲገኙ የሠራው ማግኔት ነው። ከዚያ ለሌላ የኒውትሪኖ ሙከራ ዋለ። ከዚያ ጃፓን ሄደ። ምናለሽ ተራ የአሮጌ በርሜል ብረት ተቀጥቅጦ ምድጃ ሲሆን እያየሁ ነው ያደግሁት። ጥሩ ብረት እንደማይጣል አውቃለሁ።

ቲቸር ከአራት ኪሎ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እህቴ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሙሉውን ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ፣ ከፈቀድሽልኝ።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። ያለ ቅርብ ዲቴክተር የተሠራ ሙከራ አለ? ልጅቷ ይህንንም እንደምትጠይቅ እርግጠኛ ነኝ።

ቡና ተራ፦

አለ። ከሰርን ጣልያን ግራን ሳሶ ተራራ ሥር፣ 730 ኪሎ ሜትር። ኦፔራ የሚባለው ሙከራ ነው። ለጨረሩ የቅርብ ዲቴክተር አልተሠራለትም። ምክንያቱ ጥያቄው ሌላ ስለነበር ነው። ኦፔራ «ስንት ጠፋ?» አላለም። የሙዮን ኒውትሪኖ ተኩሶ የታው ኒውትሪኖ ይወለድ እንደሆነ ነበር የሚያየው። ታው ጨረሩ ውስጥ ከመነሻው የለም ማለት ይቻላል። የፎቶግራፍ ፊልም በመሰለ ንብርብር ውስጥ ታው ስትፈርስ መንገዷ ሲሰበር ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያውን አገኙ። በ2018 የመጨረሻ ውጤታቸው 10 ነበር። ከባዶ ጆንያ ውስጥ 10 ፍሬ ካገኘህ መግቢያውን መመዘን አያስጨንቅህም።

የጎደለ የሚቆጥሩት ግን ያለ ቅርብ ዲቴክተር ይቸገራሉ። ሚኖስ (እ.ኤ.አ. በ2016 አብቅቷል) በ735 ኪሎ ሜትር፣ ኖቫ በ810 ኪሎ ሜትር፣ ሁለቱም ቺካጎ አጠገብ ካለው ፌርሚላብ ተነስተው ሚኒሶታ የሚደርሱ ናቸው። ሁለቱም መነሻቸው ላይ፣ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የቅርብ ዲቴክተር ተሠርቶላቸዋል። ደግሞ ልብ በሉ፤ ቅርቡን የሩቁ ታናሽ ወንድም አድርገው ነው የሠሩት። ሚኖስ ያው ብረት፣ ያው ፕላስቲክ። ኖቫም ያው ዘይት። አንድ ባስኩላ ለማድረግ የተቻላቸውን አድርገዋል።

ወፍጮ ቤት፦

ቡና ተራ፣ የባዶ ጆንያውን ነገር ቀናሁበት። ጥሩ ነው።

የኖቫም መንገድ ቢሆን ግን ሙሉ አይደለም። ሚዛኑ አንድ ቢሆንም የሚመዘነው አንድ አይደለም። ሩቁ ጋ የደረሰው ጨረር የጉልበት ስብጥሩ መካከሉ ላይ ጎድጉዷል። ቅርቡ ላይ ሙሉ ነው። ጉልበቱን ደግሞ በቀጥታ አናየውም። ለምሳሌ ቲ2ኬ ላይ ከግጭቱ የሚወጣውን ሙዮን አይተን ወደ ኋላ እናሰላለን። ኒውትሪኖው አንድ ኒውትሮን መትቷል ብለን ስናሰላ፣ እሱ ተጣብቀው የነበሩ ሁለት ቅንጣቶችን መትቶ ቢሆንስ? ያሰላነው ከእውነተኛው ያንሳል። ያ ክስተት ልክ ጨረሩ የጎደጎደበት ቦታ ላይ ይወድቅና ጉድጓዱን ይሞላዋል። ጤፉ እርጥበት ነበረው አልነበረውም ሳታውቅ ከዱቄቱ ተነስተህ ስለ እህሉ ስትናገር እንደማለት ነው። ለዚህ ሲባል የቲ2ኬ የቅርብ ዲቴክተር በቅርቡ ታድሷል። አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሆኑ 2 ሚሊዮን ገደማ የፕላስቲክ ኩቦች ተደርድረው ገብተውበታል። ዱሮ የማይታየው አጭር የፕሮቶን መንገድ አሁን ይታያል። ወደ ጎን የሚወጣውም ይታያል።

ዱን የሚባለው የአሜሪካው ሙከራ ሲሠራ ደግሞ የቅርቡ ዲቴክተር ዋናው ክፍል ይንቀሳቀሳል። ከጨረሩ መካከል ወደ ጎን ወደ 30 ሜትር ያህል። ከመካከሉ በወጡ ቁጥር የኒውትሪኖው ጉልበት ይቀንሳል። እያንዳንዱ ቦታ የራሱ ስብጥር አለው። እነዚያን ደምረውና ቀንሰው ሩቁ ላይ የሚጠብቁትን የጎደጎደ ስብጥር ቅርቡ ላይ ይሠሩታል። ሩቁ 1,300 ኪሎ ሜትር ነው። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በቀጥታ መስመር ከሚወስደው ይበልጣል። ለዚያ ሁሉ መንገድ መልሱ የሚዘጋጀው እዚህ በር ላይ ነው።

ቲቸር፣ ያንብቡላቸው። ፈቃድ አያስፈልግም። ልጅቷ ምን እንዳለች ብቻ ይንገሩኝ።

ቲቸር ከአራት ኪሎ፦

ሐሙስ ማታ ነው የምጽፈው። ገና ከትምህርት ቤት መግባቴ ነው።

አንድ ኪሎ ነጭ ቦሎቄ ገዛሁ። ጥቂት ቀይ ቀላቀልኩበት። ነጩ የሙዮን፣ ቀዩ የኤሌክትሮን ኒውትሪኖ ነው አልኳቸው። በር ላይ የተቀመጡት በብርጭቆ እየዘገኑ ቆጠሩ። ከ200 ፍሬ 10 ቀይ። ከዚያ የኬሚስትሪው መምህር ፌስታሉን ይዞ ኮሪደር ላይ ወጣ። ማንም ሳያይ ጥቂት ነጭ አውጥቶ በቀይ ተካ። ኋላ የተቀመጡት ደግሞ በቡና ሲኒ ዘገኑ። ከ60 ፍሬ 9 ቀይ። «ስንቱ ተለወጠ?» አልኩ። አንዱ ልጅ «9» ብሎ ጮኸ። ሌላው «አይ፣ ሲነሳም ከ200 10 ነበር፤ ከ60 3 ይሆናል። ስለዚህ 6» አለ። እኔ ይህን አልነገርኳቸውም። 28 እና 5ን ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ልጅቷ ዝም ብላ ነበር። በመጨረሻ ተነሳች። አንድ ፍሬ ቀይና አንድ ፍሬ ነጭ መዳፏ ላይ ይዛለች። «ቲቸር፣ ቀዩ ከነጩ ያንሳል። ሲኒው አፉ ጠባብ ነው። ምናልባት ሲኒ ውስጥ ቀዩ ይበልጥ ይገባ ይሆናል። 6ቱ ውስጥ የሲኒው ስንት ነው?» አለች። የባስኩላውን ነገር ገና አላነበብኩላቸውም ነበር። «ታዲያ ምን እናድርግ?» አልኳት። «ሲኒውን በር ላይም እንሞክረው። በብርጭቆም በሲኒም አንዱን ፌስታል እንቁጠር።»

እህቴ፣ ይህ ጃፓን ላይ ተሠርቷል?

ወፍጮ ቤት፦

ተሠርቷል! ልክ እሷ እንዳለችው። የቅርቡ ዲቴክተር ውስጥ ኒውትሪኖው የሚመታቸው ሁለት ተመሳሳይ ክፍሎች አሉ። አንዱ ፕላስቲክ ብቻ ነው። ሁለተኛው ውስጥ በፕላስቲኩ ንብርብር መካከል ውሃ ገብቷል። ሁለቱን አነጻጽረው የውሃውን ለብቻው ያወጡታል። ለሚቀጥለው ሃይፐር-ካሚዮካንዴ ደግሞ ከመነሻው 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ውሃ ብቻ የሞላው ዲቴክተር በጉድጓድ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንቀሳቀስ ሆኖ እየተሠራ ነው። ሲኒውን በር ላይ አመጡት ማለት ነው።

ለሚቀጥለው ሐሙስ ቦሎቄ እንዳይገዙ። ከእኔ ቤት 5 ኪሎ ይዤ እመጣለሁ፣ ሁለት ሲኒም ጭምር። በስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?